ሰውነት ማጎልመሻ ወደ ሜዳ ሲመለስ፦ ከከተማ ዳር የአንድ 6ኛ ክፍል ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአንድ የ6ኛ ክፍል ምድብ ውስጥ የሆነውን ይመዘግባል። እኔ በወቅቱ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ነበርኩ። መቅረትና ማርፈድ፣ የክፍለ ጊዜ ቁጥጥር፣ የተማሪ ጠብ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የማንንም ሰው ስም አልጠቅስም።

ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ ወይ ስለ ጤና ነው፣ ወይ አትሌት ስለ ማፍራት። ሁለቱም ልክ ነው። በዚህ ክፍል ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። በሳምንቱ ውስጥ መምህር የልጁን ሰውነት የሚያየው በዚህ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ሰዓት ከዴስክ በላይ ያለው ግማሹ ብቻ ነው የሚታየን። ይህ ሰዓት ሲወሰድ የሚቀረው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጁ ላይ ያለው ነገርም ሳይታይ ይቀራል።

መነሻው

ሠፈሩ የኮንዶሚኒየም ሠፈር ነው። ነዋሪው ከየቦታው የመጣ ነው። በዕጣ የደረሰው አለ፣ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ የመጣ አለ፣ ተከራይ አለ። ከጀርባ ካለው የገበሬ መንደር የሚመጡ ልጆችም አሉን። ወላጆች ወደ መሀል ከተማ ለመድረስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ሰልፍ ይይዛሉ። ሲመለሱ መሽቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ይከፍታል፣ ከውስጥ ይቆልፋል፣ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። በብሎኮቹ መሀል ያለው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኳስ ይዞ የወረደን ልጅ ጥበቃው ያባርረዋል። መስታወት ይሰበራል፣ መኪና ይጫራል የሚባል ነገር አለ። ስለዚህ ለነዚህ ልጆች መሮጫ ቦታ ማለት የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሌላ የላቸውም።

ግቢውም ግቢ ይባል እንጂ አፈሩ ዋልካ ነው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ ይሰነጠቃል። ግማሹን ደግሞ ለተጨማሪ ሕንፃ የመጣ ብሎኬት፣ አሸዋና የፌሮ ቁርጥራጭ ይዞታል።

በክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች ነበሩ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ወጣት ነው፣ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ስለሚሰጥ፣ ልጆቹ በባዶ ሆድ ይሮጣሉ የሚለው የድሮ ሥጋት ቀንሷል። ይህ በኋላ ለሆነው ሁሉ ትልቅ ድጋፍ ነበር።

ችግሩ

በፕሮግራሙ ላይ ሰውነት ማጎልመሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ40 ደቂቃ ተመድቧል። ሁለቱም የወደቁት በዕለቱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር። የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለመወሰድ ይመቻል። ሒሳብ ምዕራፍ ሲቀረው ይገባበታል። እንግሊዝኛ ማካካሻ ይይዝበታል። የመምህራን ስብሰባ ካለ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ይለቀቃሉ። ዝናብ ከጣለ ኖት ይገለበጣል። የክፍሉ አለቃ የሚሞላውን የክትትል ቅጽ ሳገላብጥ፣ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ክፍሉ ሜዳ የወጣበት ቀን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። የእኛ ሁለት ክፍለ ጊዜ ምንም ሳይነካ ቢሰጥ እንኳ 80 ደቂቃ ነው። ከአምስት እጅ አንዱን እጅ አይሞላም። የምንቀማው ከዚህ ላይ ነበር።

ሜዳ በወጡበት ቀንም የሚሆነው ሌላ ችግር ነበር። ኳስ አንድ ነው። ኳስ የሚችሉት ወንዶች ሁለት ቡድን ይሆናሉ። መምህሩ ፊሽካ ይዞ ዳኛ ይሆናል። ቀሪው፣ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ ናቸው። ማርክ ሲሰጥ ታዲያ ሯጩ ብዙ ያገኛል፣ ግድግዳ ላይ ያለው ማለፊያዋን ብቻ ያገኛል። ልጆቹም ራሳቸውን በዚያ መድበው ቁጭ ብለዋል። «እኔ ስፖርት አልችልም» የሚል የ12 ዓመት ልጅ መስማት ያሳዝናል። ገና ምኑን ሞክሮት?

ክፍል ውስጥ የሚታየው ምልክትም ነበር። ከምሳ በኋላ ዴስክ ላይ መተኛት በዝቷል። ደረጃ ላይ መገፋፋትና ጠብ ወደ እኔ ቢሮ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተያዘው ሰዓቱን ማስመለስ ነው። የክትትል ቅጹን ይዘን ወደ መምህራን ስብሰባ ገባን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ ያለው ነገር ሚዛን ይደፋል። «የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ልጁ ስንት ዙር ሮጠ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም» አለ። ሌላ መምህር ደግሞ «ስፖርት የሚፈልግ በቆጂ ይሂድ» አለ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ለዚህ የሰጠው መልስ ስብሰባውን ያዞረው ይመስለኛል። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንደነበሩ አስታወሰ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእሳቸው እጅ አልፈዋል። «ልጆቹን ያገኟቸው ሜዳ ላይ ስላዩአቸው ነው። እኔ ልጆቼን አላየኋቸውም» አለ።

ርዕሰ መምህሯ ሦስት ነገር ወሰኑ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ረፋድ ይምጣ። ማካካሻ የሚያስፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ይያዝ። ሰዓቱን የሚወስድ መምህር አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የወሰደውንም በሌላ ቀን ይመልስ። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ሠራ። በቃል «ዛሬ ብቻ ልግባ» ማለት ቀላል ነው፤ ፊርማ ሲመጣ ሰው ሁለቴ ያስባል።

ቀጥሎ ሜዳው ነው። ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አቀረብን። ከወላጆቹ አንዱ የሲኖትራክ ሾፌር ናቸው። ከአሠሪያቸው ጋር ተነጋግረው ገረጋንቲ አምጥተው ደፉልን። ወላጆችና ጥበቃዎች ቅዳሜ ዕለት አካፋና ዶማ ይዘው ደለደሉት። የፌሮ ቁርጥራጩን ልጆች እንዳይነኩ በትልልቅ ሰዎች ብቻ አስነሳን። የተስተካከለው የግቢው ሩብ ያህል ቢሆን ነው። በቂ ሆኖ ተገኘ።

ዕቃ አልተገዛም። ልጆቹ ከቤታቸው ያለቀ ካልሲ አምጥተው የጨርቅ ኳስ ሠሩ። የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ አሸዋ ሞልተን ምልክት አደረግነው። ከሕንፃው ሥራ የተረፈ ገመድ መዝለያ ሆነ። መስመር በኖራ ተሰመረ።

ትልቁ ለውጥ ግን በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ የመጣው ነው። መምህሩ ክፍሉን በአራት ቡድን ከፈለ። አንዱ ገመድ ይዘላል፣ አንዱ በፕላስቲኮቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይሮጣል፣ አንዱ የጨርቅ ኳስ ይቀባበላል፣ አንዱ ሚዛን መጠበቅና ሰውነት ማሳሳብ ይሠራል። ፊሽካ ሲነፋ ቦታ ይለዋወጣሉ። ተራ ጠባቂ የለም፣ ተመልካችም የለም። ማሟሟቂያውን ደግሞ ልጆቹ ከሚያውቁት ጨዋታ ወሰደ። ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ የትምህርቱ አካል ሆኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያየሁት ነገር ደስ ስለሚል። ሱዚ ሴቶቹ የተካኑበት ነው። ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ይጀምርና ወደ ጉልበት፣ ወደ ወገብ ይወጣል። የክፍሉ ኳስ ተጫዋች ተብሎ የሚታወቀው ልጅ ጉልበት ላይ እግሩ ተጠላልፎ ቀረ። ከግድግዳው ተነስታ የማታውቅ ልጅ መጥታ «መጀመሪያ ግራህን፣ ከዚያ ዙር» እያለች አሳየችው። ልጁ እስኪችል ድረስ ዕረፍት ላይም ሲለማመድ ነበር። «ስፖርት የሚችል» የሚባለው ማን እንደሆነ ከዚያን ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ እንደ ድሮው ግልጽ አልነበረም።

ግድግዳው ጋ የነበሩት ልጆች

ሁሉም መንቀሳቀስ ሲጀምር መምህሩ አንድ ነገር አስተዋለ። እንቢ የሚሉት ልጆች ምክንያት አላቸው። ቀድሞ ሁሉም በጅምላ «ሰነፍ» ነበሩ። አሁን አንድ በአንድ መጠየቅ ተቻለ።

ጥቂቶቹ የጫማ ጉዳይ ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ሲሮጥ እግሩ ያልበዋል፣ ጫማው ያንሸራትታል፣ ልጆች ይስቁበታል። ገረጋንቲው ላይ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ይቆርጣል። ለነሱ ከሩጫው ይልቅ ገመድና ቅብብል እንዲበዛላቸው ተደረገ። በኋላ ኅብረቱ ያገለገሉ ሸራ ጫማዎች አሰባስቦ ሰጠ።

ሴቶቹ የልብስ ጉዳይ ነበራቸው። በዩኒፎርም ቀሚስ መዝለል ያሳፍራል። ስፖርት ባለበት ቀን ከቀሚሱ ሥር ቱታ መልበስ እንዲፈቀድ ተወሰነ። አንዳንድ ወላጆች መጀመሪያ ደስ አላላቸውም። ቀሚሱ አይቀርም፣ ቱታው ተጨማሪ ነው ሲባል ግን ተስማሙ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ ምንም ሳታብራራ «ዛሬ ቀላሉን» ማለት ትችላለች። መምህሩ ወንድ ስለሆነ ይህን የነገረቻቸው የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ መምህርት ናት። ቀላሉ የሚባለው መቀመጥ አይደለም፤ ሰውነት ማሳሳብ፣ ሰዓት መያዝ፣ ነጥብ መመዝገብ ነው።

አንዷ ልጅ ግን በየትኛውም አልገባችም። ጫማ አላት፣ ቱታ አላት። ሁልጊዜ «ቲቸር፣ ትንሽ ያመኛል» ትላለች። የክፍል ጓደኞቿ ታበዛለች ይሏታል።

የዚያን ሳምንት ትምህርት የልብ ምት መቁጠር ነበር። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይይዛል። ለ15 ሰከንድ ይቆጥራል፣ በአራት ያባዛል። ከሩጫ በፊት፣ ወዲያው ከሩጫ በኋላ፣ ካረፉ በኋላ፤ ሦስቱንም ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ልጅቷ ትንሽ ዱብ ዱብ ብላ ቁጢጥ አለች። የሌሎቹ ቁጥር ካረፉ በኋላ ሲወርድ የእሷ አልወርድ አለ። ጥንዷ የሆነችው ልጅ የቆጠረችው ስህተት መስሏት ደገመችው፣ ያው ነው። ከዚያ መምህሩን ጠራችው። መምህሩ ራሱ ቆጠረ። ከንፈሯንና አተነፋፈሷን አየ። ዳግመኛ እንዳትሮጥ አድርጎ ወደ እኔ ይዟት መጣ።

እናትየውን ጠራናቸው። መጀመሪያ የመጡት ተከሳሽ መስሏቸው ነው። «መምህር፣ ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ ቤት ውስጥ ሥራ አትለግምም። አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ግን ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች» አሉ። ስንጠይቃቸው ነገሩ ወጣ። ልጅቷን በየክረምቱ ቶንሲል ይይዛታል። ለዚህ ተብሎ ትንሽ እያለች እንጥሏ ተቆርጧል። አንድ ጊዜ ጉልበትና ክርኗ አብጦ ሰነባብቶ ነበር፣ ብርድ ነው ተብሎ ታለፈ።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ከዚያ ሪፈር ተጻፈላት። ሆስፒታል የልብ አልትራሳውንድ ታይቶ በልቧ ውስጥ ደም የሚያሳልፉት በሮች፣ ሐኪሞች የልብ ቫልቭ የሚሉት፣ መጎዳታቸው ተነገራቸው። ይህ ሕመም በአገራችን ልጆች ላይ ብዙ የሚታይ ነው። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም መቅረቱ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይጎዳል። በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እንጥል መቁረጥ አይከላከለውም፤ እንዲያውም ለመድማትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ቶሎ ከተደረሰበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ጉዳቱ እንዳይብስ ይጠብቃል። መርፌው ለዓመታት ይቀጥላል። ልጅቷም ጀመረች።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሐኪም አይደለም። ሕመሙን አላወቀውም፣ ስሙንም አልጠራም። ያደረገው ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል ስትንቀሳቀስ ማየትና የተለየውን ማስተዋል ነው። ሰዓቱ በሒሳብ ማካካሻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ ደብተሯ ላይ ቁጥር አትጽፍም ነበር።

የሠራው

በጣም የተለወጠው መገኘት ነው። ስፖርት ባለበት ቀን የሚቀር ልጅ ከሌላው ቀን ያነሰ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ የነበረው ጠብ ቀነሰ። የሒሳብ መምህሩ ራሱ፣ ከስፖርት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጫጫታ ቢሆኑም ከዚያ በኋላ ልጆቹ ነቅተው እንደሚከታተሉት ነገረኝ። የሒሳብ ውጤት በዚህ ምክንያት ጨመረ አልልም። አልቀነሰም። ለሚፈሩት ይህ ይበቃል።

ማርኩም ተለወጠ። ልጁ ከሌላው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከቀደመው ጋር ተወዳደረ። በጥቅምት ገመድ አሥር የዘለለ በጥር ስንት ዘለለ? ይህ ቀርፋፋውን ልጅ አነቃው። ሯጮቹ ላይ ትንሽ ቅሬታ አመጣ፣ ጥቂት ወላጆችም መጥተው ጠየቁ። መምህሩ የልጆቹን ደብተር እያሳየ አስረዳቸው።

ያልሠራው

የጠዋት የጅምላ ስፖርት ሞክረን ነበር፤ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት፣ መላው ትምህርት ቤት። ብዙ አልቆየም። የሚደርሱት ቅርብ የሚኖሩት ብቻ ናቸው። ገና ቁርስ አልተበላም። በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ተውነው።

በዐቢይ ጾምና በረመዳን ምን እንደሚደረግ አስቀድመን አላሰብንበትም። የሚጾሙ ልጆች ረፋድ ላይ ይዝላሉ። ገመዱንና ሩጫውን ቀንሶ ኢላማ መወርወርና ሚዛን መጠበቅ ላይ ማተኮር የተጀመረው ጥቂት ልጆች ከደከሙ በኋላ ነው።

መምህሩ ታሞ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሁሉም ቆመ። ተተኪ አልነበረም። ሰዓቱ ወዲያው በሌላ ትምህርት ተሞላ። በግንቦት ፈተናው ሲቃረብ ደግሞ ፊርማውም አላቆመውም፤ በዚህ ምድብ ሰዓቱ ቢጠበቅም በሌሎቹ የ6ኛ ክፍል ምድቦች ብዙው ተወሰደ። ሥራው በአንድ መምህር ጫንቃ ላይ ነበር፤ ይህ እስከ መጨረሻው አልተፈታም።

ለሌላ ትምህርት ቤት የሚሆን

የትኛውም የከተማ ዳር ትምህርት ቤት ገንዘብ ሳያወጣ ሊያደርገው የሚችለው መጀመሪያ ፕሮግራሙን ማየት ነው። ሰውነት ማጎልመሻ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ከሆነ ይነሳ። ኳስ መግዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል። በኳስ ብዛት ብቻ ግድግዳ የሚደገፍ ልጅ አይነሳም፤ የትምህርቱ አደረጃጀት ነው የሚያስነሳው።

የልብ ምት መቁጠር በየወሩ ይደገም። ሰዓት ካለ ይበቃል። ልጆቹ ይወዱታል፣ ሒሳብም ይማሩበታል። ቁጥሩ ካረፈ በኋላ የማይወርድለት፣ ደረጃ ላይ የሚቀመጥ፣ መገጣጠሚያው የሚያብጥ ወይም ቶንሲል የሚመላለስበት ልጅ ካለ ወላጁ ይጠራና ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ልጁን ክፍል ፊት መጠየቅ ግን አይገባም።

«ያመኛል» የሚል ልጅ ሁሉ አይታመን፣ ሁሉም ግን ይጠየቅ። ከምክንያቶቹ ብዙው ጫማ፣ ልብስ ወይም ኀፍረት ነው፤ በቀላሉ ይስተካከላል።

የታመመ ልጅ ከሜዳ አይባረር። ልጅቷ ከሐኪሟ ምን መሥራት እንደምትችልና እንደማትችል የሚገልጽ ወረቀት አምጥታለች። ሩጫና ውድድር የለም፤ በቀስታ መራመድ፣ ሰውነት ማሳሳብ፣ ኢላማ መወርወር ይቻላል። በዚያ መሠረት ዓመቱን ጨረሰች። ክፍሉ 7ኛን የሚማረው በሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የወረቀቱ ቅጂ በእናቷ ፈቃድ ከማኅደሯ ጋር ታሽጎ ተልኳል። እዚያ ለሚጠብቃት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርም ገና ትምህርት ሳይጀመር ስልክ ተደውሎ ተነግሮታል።